ባያድነንም

ጎንደር፣ ሐምሌ 7 ቀን፣ ማታ

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ፊደሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ቀኝ እጄ ከጣቶቼ ሥር ጀምሮ ክርኔን አልፎ ጀሶ ውስጥ ከገባ 25 ቀኑ ነው። ሐኪሙ «ጣቶችህ እንደ ቀድሞው መሮ ይጨብጡ እንደሆነ ጀሶው ሲፈታ እናያለን» አለኝ፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አልሰጠኝም።

የወደቅሁት ሰኔ 12 ቀን ነው። የአንድ ደንበኛዬን በር ለመግጠም መሰላል ላይ ወጥቼ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «በሚካኤል ዕለት መሰላል ላይ ምን ሰቀለህ?» እኔ መልአኩ ገፍቶ ጣለኝ ብዬ አላምንም። መሰላሉ የቆመው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ልያዝልዎት?» ሲለኝ «አንተ ሥራህን ሥራ» ብዬ መለስሁት። ጥፋቱ ይኸው ነው።

አናጢ ከሆንሁ ጀምሮ ስለ ነገ ሲነሣ መልሴ «እጄ ይኑር እንጂ» ነበር። እጸልይ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የምለምነው ሥራዬን እንዲባርክልኝ ነው፤ ያለ ሥራዬ ሊያኖረኝ እንደሚችል አስቤው አላውቅም። እግዚአብሔርን የያዝሁት ሚስማር እንደሚያቀብል ረዳት ነበር።

ዛሬ ሥላሴ ስለሆነ ከእናቴ ጋር እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ ነጠላችን ረጥቦ ደጁ ላይ ደረስን። ላማትብ ብዬ እጄን ባነሣ ጀሶው ደረቴ ላይ ቀረ። በግራ ላድርገው አላልሁም፤ እንዲሁ ቆምሁ። እናቴ አየችኝና ምንም ሳትናገር በራሷ እጅ ከግንባሬ ወደ ደረቴ፣ ከግራ ትከሻዬ ወደ ቀኝ አማተበችኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው አይቶን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልሁ፤ ይህም ያው ትዕቢቴ ነው።

የንቦቹን ታሪክ ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በ1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሳር ውኃ ላይ ሲሸነፍ ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ከተማዋን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃንን ግን የንብ መንጋ ወጥቶ አዳናት ይባላል። ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ከፍ ስል ግን ያናድደኝ ጀመር። የተቃጠሉት ደብሮች ካህናትስ አልጸለዩም? ለእነርሱ ንቡ ለምን አልመጣም? ዛሬም መልስ የለኝም።

ብቻ በእነዚህ ሳምንታት እንቅልፍ ሲነሣኝ የሚመጡብኝ ሠለስቱ ደቂቅ፣ ለንጉሡ ጣዖት አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ ናቸው። እሳቱ እየነደደ ለናቡከደነፆር የመለሱት አምላካችን ያድነናል ብለው ብቻ አይደለም፤ «ባያድነንም» የሚል ጨመሩበት። ይህችን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬ አንድም ቀን ቆሜ አላየኋትም። የእኔ መታመን ንቡ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነበር። ንቡ ከቀረ እርሱም ይቀራል።

እጄ ባይድንስ? ይህን በድምፅ ያልሁት ዛሬ ነው፣ ቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ በሹክሹክታ። ቀና ስል የጣራው መላእክት ያዩኛል። በሙያዬ ምክንያት እዚያ ስገባ ዓይኔ የሚሄደው ወደ እንጨቱ ነበር፤ ማን ጠረበው፣ እንዴት ገጠመው እያልሁ። ዛሬ ፊቶቹን አየሁ። ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ መልአክ አንዱም እጅ የለውም። በቅዳሴ መካከል ሳቄ መጣና በነጠላዬ አፌን ሸፈንሁ።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። የሱቁ ኪራይ አለብኝ፤ የተቀበልሁት ቀብድም ካለቀ ቆይቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ መሮዬን ያላስነካሁት ልጅ ባለፈው ሳምንት ሁለት በሮች ገጥሟል። የአንዱ ማጠፊያ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ደንበኛው አላስተዋለም፣ እኔ ግን ሌሊት ትዝ እያለኝ ነቅቻለሁ።

ነገ ሦስተኛውን ይገጥማል። መሰላሉን የምይዝለት እኔ ነኝ፣ በግራ እጄ።