ለሩቅ አጋዘን ጠመንጃና ጥይት

ዛሬ ዒላማ ሜዳ ላይ ክርክሩ ሁሉ ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ ጥይት ውፍረት፣ ነበር። ለአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት አጋዘን 6.5 ክሪድሙር የተባለው ባለ 6.5 ሚሊሜትር ካሊበር ከባለ 143 ግሬን (9.3 ግራም ገደማ) ጥይት ጋር ይበቃል፤ ማግነም የሚባለው ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት ትከሻ ይደቃል፣ ቃታ ሲሳብም ተኳሹን ያስበረግጋል። የግዛቱ ሕግ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ካሊበርና ሲመታ የሚከፈት፣ ከ70 ግሬን የማያንስ ጥይት ይጠይቃል። የማይከፈተው በስቶ ያልፍና አውሬው ቆስሎ ይጠፋል።

ጠመንጃው 200 ያርድ (183 ሜትር ገደማ) ላይ ልክ ያለሙበትን እንዲመታ ከተስተካከለ፣ 400 ያርድ ላይ ጥይቱ ከ50 ሳንቲሜትር በላይ ይወርዳል። ይሄ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ላይ ይታረማል። ፈተናው ንፋስ ነው፦ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ እዚያው ርቀት ላይ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይገፋዋል። ሳንባ የታለመው ሆድ ይመታል።

የጥይት ዓይነት ከቀየራችሁ እንደገና አስተካክሉ። ምቱ ድንገት ከተበታተነ ደግሞ በርሜሉን ከመውቀሳችሁ በፊት የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖች እዩ፤ ብዙ ጊዜ ላልተው ነው።