የእትዬ 60 ሺህ ብር

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ሒሳብ ክፍል። የሒሳብ ሰው መሆኔ ነው ጉድ የሠራኝ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ጠዋት ፈቲራ እየበላን የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ገባ። ባንኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ትርፉ ሲወርድ ከርሞ ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ እጥፍ አድጓል። አዲስ አክሲዮንም እየሸጠ ነው። "በቃ አገግሟል፤ ሳይወደድ እንግዛ" አልኩ፣ አፌ ውስጥ ያለውን እንኳ ሳልውጥ።

የመጋዘኗ እትዬ 60 ሺህ ብር ሰጡኝ። ሹፌራችን 30 ሺህ ጨመረ፣ እኔ 90 ሺህ። ዝቅተኛ የግዢ መጠን ስላለው በእኔ ስም ገዛነው። እትዬ ብሩን ሲያስረክቡኝ "ለልጄ ሰርግ ነው፣ ሚያዝያ ላይ" ብለውኝ ነበር። እኔም "ችግር የለም" አልኩ። ቀላል ነገር የጠየቁኝ ነበር የመሰለኝ።

ጋሼን፣ የፋይናንስ ኃላፊያችንን፣ ያማከርኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ሪፖርቱን ተቀብለው ባለቀለም ፎቶዎቹን ዘለሏቸው። ከኋላ ደቃቃ ጽሑፍ ያለበት ማስታወሻ ላይ ደርሰው ጣታቸውን አሳረፉ።

"ትርፉን አይተሃል። ከየት እንደመጣስ?"

አላየሁም። ከውጭ ምንዛሪ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር ይዞ የቆየ ባንክ፣ ምንም ሳይሠራ፣ በብር ሲሰላ አተረፈ። "ይሄ አበድሮና ሰብስቦ የተገኘ አይደለም፤ በየዓመቱ አይመጣም" አሉ ጋሼ። ላልተመለሱ ብድሮች የተያዘው መጠባበቂያ ደግሞ አድጓል። አክሲዮን የሚሸጠውም ብሔራዊ ባንክ እስከ ሰኔ 2018 ካፒታላችሁን 5 ቢሊዮን ብር አድርሱ ስላለ ነው። ይህንን ሁሉ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ ባዩ አላነበብኩም።

ጋሼ ታሪክ ይወዳሉ፣ ከጀመሩ አያቆሙም። በፈረንጆቹ 1929 የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ በጥቂት ሳምንታት ግማሽ ያህል ዋጋው ረገፈ። ከዚያ እስከ 1930 ሚያዝያ መልሶ ወደ ላይ ወጣ፣ ብዙ ሰውም ክፉው ቀን አለፈ ብሎ ገባበት። በ1932 ዳው ጆንስ፣ የዚያ ገበያ መለኪያ፣ ከጫፉ 89 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ወደዚያ ጫፍ የተመለሰው በ1954 ነው።

እኔም አልተሸነፍኩም። "በኮሮናስ? በፈረንጆቹ 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ ሌላው የአሜሪካ ገበያ መለኪያ፣ በአንድ ወር 34 በመቶ ወርዶ፣ ነሐሴ ላይ የቀድሞ ጫፉን አለፈ።"

"እሱም ልክ ነው" አሉ እየሳቁ። "አቦ፣ መሃሉ ላይ ስትቆም ሁለቱም አንድ ናቸው። እዚህ ድሬ ሰማዩ ጠርቶ የደቻቱ ወንዝ ይሞላል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋ ነዋ። ይልቅ የእትዬ ብር መቼ ነው የሚፈለገው?"

ዝም አልኩ።

መጋቢት ላይ ገዢ ፍለጋ ወጣሁ። አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ አዲስ አበባ ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ ግን የእኛ ባንክ እዚያ አልተመዘገበም ነበር። ስለዚህ ሽያጩ እንደ ድሮው ነበር፦ ገዢ ራስህ ፈልግ፣ ተደራደር፣ ውል አስጸድቅ፣ ባንኩ መዝገብ ላይ ስም አዙር። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ አንድ ባለሱቅ አገኘሁ። ካልኩሌተሩን ከጫቱ ሥር ፈልጎ አወጣ። የ1,000 ብሩን አክሲዮን በ700 ካልሆነ አልነካም አለ። አልፈርድበትም፤ ለመሸጥ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ መቸኮሌን ከፊቴ አነበበ።

አልሸጥኩም። ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበድሬ የእትዬን 60 ሺህ ብር ሙሉውን ከፈልኩ፣ ድርሻቸው የእኔ ሆነ። ሹፌሩ "የእኔ ይቆይ፣ ቀጠሮ የለውም" አለ። ቀጠሮ የሌለው ብር! መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ እሱ ዘንድ መልስ ነበረው።

ብድሩ አሁንም በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። ሰርጉ ላይ እትዬ ራሳቸው ሳህኔን ሞሉልኝ።

"ብላ፣ ከስተሃል" አሉኝ። "ባንኩስ፣ ተሻለው?"

"እንጃ እትዬ" አልኳቸው።