ውሃ የሚያቆሙ ሁለት አሚኖ አሲዶች

ጅማ ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ ስል ሰው ወዲያው ስለ ቡና ይጠይቀኛል። ሰሞኑን ልቤን የወሰደው ግን ጄል ነው።

ፌኒልአላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ ሥጋም ባቄላም ውስጥ ይገኛል። ሁለቱን አያይዛችሁ ጫፋቸው ላይ ኤፍሞክ የሚባለውን ቀለበታም የሞለኪውል ቁራጭ ጨምሩበት። ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ታሟሙትና ፒኤቹን፣ ማለትም የቤዝነቱን መጠን፣ ቀስ እያላችሁ ታወርዱታላችሁ። ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ተፈላልገው ይደረደራሉ። ቀለበቶቻቸው ይነባበራሉ፣ በሃይድሮጅን ቦንድ ይያያዛሉ፣ ለዓይን የማይታይ ቀጭን ክር ይሆናሉ። ክሮቹ ተጠላልፈው ውሃውን ያቆሙታል። ብልቃጡን ብትገለብጡት አይፈስም። ከ99 በመቶ በላይ ውሃ ነው እኮ! ስለዚህ ጄል የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የታተሙት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ፓላዲየም የሚባለውን ሜታል እናምጣ፤ ካታሊስት ነው፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናል። ናኖፓርቲክሉ፣ ማለትም ለዓይን የማይታየው ደቃቅ ቅንጣቱ፣ ባነሰ ቁጥር ለሥራ የሚጋለጠው ገጽ ይበዛል። ችግሩ፣ ብቻውን ከተተወ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላል። ክሩ ላይ ሂስቲዲን ወይም ሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ ካለ ግን የፓላዲየሙን አዮን (ቻርጅ ያለውን አቶም) ይይዘዋል። ከዚያ አዮኑን ወደ ሜታል የሚመልሰው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ሲጨመር ፓርቲክሎቹ እዚያው ክሩ ላይ፣ በፈትል ላይ እንደተሰካ ዶቃ፣ ተራርቀው ይፈጠራሉ። ጄሉም ይጠቁራል። ሥራው ሲያልቅ ካታሊስቱን ከነጄሉ ማውጣት ይቻላል። ለኔ ከፍጥነቱ ይልቅ ይሄ ይበልጣል፤ ፓላዲየም ውድ ነው፣ ውሃ ውስጥ መቅረትም የለበትም።

የካታሊስቱ መፈተኛ ደስ ይላል። ናይትሮፌኖል የሚባለው ኬሚካል ቦሮሃይድራይድ ውስጥ ደማቅ ቢጫ ነው። ካታሊስት ከሌለ ቢጫው እንዳለ ይቆያል። ካለ ግን ቀለሙ ይጠፋና አሚኖፌኖል ይሆናል፤ ፓራሲታሞል የሚሠራበት ማለት ነው። የብርሃን መለኪያው 400 ናኖሜትር ላይ ያነበዋል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዓይን ይታያል።

አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ ታዲያ ይሄ ወንዞቻችንን ያጸዳልናል?" አለኝ። አያጸዳም። በጅማ ዙሪያ ወንዞችን የሚጎዳው የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ሌላ ነገር ነው። ከፍሬው የሚወጣው ስኳርና ፔክቲን ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ለሱ ፓላዲየም ማባከን ነው። ናይትሮፌኖል ግን ከአንዳንድ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ስለሚመጣ፣ በዚያ በኩል ጥያቄው ትክክል ነው።

ደግሞ ያልተፈታ ነገር አለ። ቦሮሃይድራይድ ውሃውን ቤዝ ያደርገዋል፤ የኤፍሞኩ ጄል ደግሞ ፒኤች በጣም ሲጨምር ተመልሶ ይሟሟል። ስለዚህ አሁን ከተማሪዎቼ ጋር የምናነበው ቤዝ ስለሚችሉ ፔፕታይዶች (የተያያዙ አሚኖ አሲዶች) ነው።