ጥግ ያዢ

ዛሬ ጠዋት ገርጂ ላይ በብስክሌት ስሄድ አንድ ሚኒባስ ከኋላዬ መጥቶ ክላክሱን ለቀቀብኝ። ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ «ጥግ ያዢ! ጥግ!» ይላል። ልቤ ደነገጠ፤ መሪዬን ግን አላዞርኩም።

ብስክሌት የጀመርኩ ሰሞን ጥግ እይዝ ነበር። እናቴም «ዳር ዳሩን ሂጂ፣ ለመኪና ልቀቂለት» ትለኝ ነበር። ዳሩ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ግን የሄደበት ነው፦ አሸዋ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ። ደግሞ ጥግ ስይዝ ሹፌሩ የሚበቃው ቦታ ያለ ስለሚመስለው መስመሩን ሳይቀይር ታክኮኝ ያልፋል። አንድ ቀን ስፖኪዮ ክርኔን መትቶኝ ሄደ። ሹፌሩ ያወቀም አልመሰለኝም። ክርኔ ለሳምንት በልዞ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ቀየርኩ። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ እላለሁ። በቆሙ መኪኖች አጠገብ ሳልፍ በር ድንገት ቢከፈት እንዳይደርስብኝ እርቃለሁ። መንገዱ ጠቦ መኪናና ብስክሌት ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሲሆን መሃሉን እይዛለሁ። በድንገት አልገባም፤ መጀመሪያ ዞር ብዬ የሹፌሩን ዓይን እፈልጋለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ከዚያ ነው የምገባው። ክላክስ ሲነፋብኝ ለራሴ «አይቶኛል» እላለሁ። እኔ የምፈራው ያላየኝን ነው እንጂ የተቆጣኝን አይደለም።

መሃል አስፋልት ላይ መሄድን መጀመሪያ የቀመስኩት ኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚባለው መኪና አልባ እሁድ ነው። ያን ቀን ሕፃናት እንኳ መሃሉን ይዘው ነበር። አሁን ደግሞ ከቦሌ መገናኛ ባለው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ስገባ ትከሻዬ ይላላል፣ ትንፋሼ ይመለሳል። መስመሩ ግን ቤቴ ድረስ አይደርስም።

ሚኒባሱን መብራት ላይ ደረስኩበት። ሹፌሩ ጸጉራቸው የሸበተ አባት ናቸው። መስታወቱን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ መሃል መንገድ ምን ትሠሪያለሽ? ብገጭሽስ?» አሉኝ። በቁጣ ነው የተናገሩት፤ «ብገጭሽስ» ሲሉ ግን ድምፃቸው ሳሳ።

«ጋሼ፣ ክዳን የሌለውን ጉድጓድ አይተውታል? ከሱ ሸሽቼ ነው።»

«የቱ ጉድጓድ?»

ከመኪና ወንበር ላይ አይታይማ! በጣቴ አሳየኋቸው። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና «እውነቷን ነው ጋሼ፣ አለ» አላቸው። መብራቱ ሲለቀን «በይ ቀስ ብለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ማታ በዚያው መንገድ ስመለስ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎ አገኘሁ። ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮበታል።