ቢስቲቦል ላይ ፓስ መስጠት እየተማርኩ ነው

ሰላም ሰላም። ቢስቲቦል የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ጀመርኩ ካልኳችሁ ወዲህ እንዴት እየሄደልህ ነው ያላችሁኝ ስላላችሁ እስካሁን የገባኝን ልጻፍላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ቻሉት።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ እንደ ፖክሞን ጌም እየዞራችሁ ፍጡራን ትሰበስባላችሁ፣ ቢስቲ ነው ሚባሉት፣ ግን አይደባደቡም፣ ቮሊቦል ነው የሚጫወቱት። አዎ ቮሊቦል 😂 ሁለት ለሁለት፣ መሀል ላይ መረብ፣ ተራ በተራ እያሰባችሁ። እናንተ አሰልጣኝ ናችሁ፣ ታሪኩም የሰፈራችሁን የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ከመፍረስ ለማዳን በሊጉ ደረጃ እያሸነፋችሁ መውጣት ነው። የሰራው ግሬግ ሎባኖቭ ነው ከትንሽ ቡድኑ ጋር፣ 2018 ላይ ዋንደርሶንግን፣ 2021 ላይ ቺኮሪን የሚባሉትን ጌሞች ያወጣው ሰውዬ ማለት ነው፣ ይሄኛው ኖቬምበር 2024 ላይ በኤርሊ አክሰስ (ገና ሳያልቅ ለሽያጭ ቀርቦ ማለት ነው) ስቲም በሚባለው የኦንላይን ጌም መሸጫ ላይ ወጣ። እኔ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት የገዛችልኝ፣ እዚህ በካርድ መክፈሉን ታውቁታላችሁ አላወራም።

እሺ ወደ ዋናው ነገር። ፖክሞን የለመደ ሰው እዚህ ጌም ላይ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው እሳት በውሃ፣ ውሃ በቅጠል ይሸነፋል ወደሚለው ነው፣ እዚህ ግን እሱ ነገር የለም። ምቱ ሶስት አይነት ነው፣ የሰውነት፣ የመንፈስና የአእምሮ በሉት፣ እያንዳንዱ ቢስቲ ደግሞ በሶስቱም የራሱ የማጥቃትና የራሱ የመከላከል አቅም አለው፣ ማለትም በሰውነት ምት ግድግዳ የሆነብህ በአእምሮ ምት ወረቀት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው አይነት የትኛውን ያሸንፋል ብሎ ሰንጠረዥ መሸምደድ ሳይሆን እያንዳንዱን ተጋጣሚ ለብቻው ማየት ነው ያለው፣ ይሄ ለኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩለት ነገር ነው፣ ፖክሞን ላይ ግማሹ ውጊያ ሽምደዳ ነው እኮ።

ሁለተኛው ነገር ቦታ። ሜዳው ላይ መረቡ ጋ መቆምና ኋላ መቆም የተለያየ ነው፣ መረቡ ጋ ሆኖ የሚመታ ምቱ ይከብዳል፣ ኋላ ቆሞ የሚቀበል ደግሞ ይቀለዋል። ኳሷን የተቀበለው ለጓደኛው ያቀብላል፣ ጓደኛው ይመታል፣ ኳሷን ወደዛ ማዶ ከመላክህ በፊት ያለህ እንቅስቃሴ ደግሞ የተቆጠረ ነው፣ ስለዚህ አንዷን እንቅስቃሴ ለፓስ፣ አንዷን ወደ መረቡ ለመጠጋት፣ አንዷን ለምቱ ብለህ ስታሰላ ሳታውቀው እውነተኛ ቮሊቦል እያሰብክ ነው፣ ሶስት ንክኪ ያለው ጨዋታ አይደል። እኔ ትምህርት ቤት ቮሊቦል ስንጫወት ሁሉም ስማሽ መምታት ነበር የሚፈልገው፣ ኳስ አንስቶ የሚያቀብለውን ልጅ ማንም ስሙን አያነሳም። እዚህ ጌም ላይ ያ ልጅ ነው ዋናው! አሁን አዲስ ቢስቲ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ስንት ይመታል የሚለውን አይደለም፣ ለጓደኛው ምን ያመቻችለታል የሚለውን ነው።

ነጥብ የሚቆጠረው ምቱን የተቀበለው ቢስቲ ስታሚናው (ጉልበቱ) ሲያልቅ ነው። ይሄ ማለት ነጥብ ያላስቆጠረ ምትም ከንቱ አይደለም፣ ያደክማል፣ ከሁለት ዙር በኋላ ቀላሏ ምት ራሷ ትገባለች። ስለዚህ አሁን የምለማመደው ምቶቼን ሁለቱ ላይ ከመበተን አንዱን መርጬ እሱን ብቻ ማድከም ነው፣ ተጋጣሚውም እሱን ወደ ቤንች ለማውጣት ሲል እንቅስቃሴ ያባክናል፣ ያቺ ናት የኔ ጊዜ። እኔም በተራዬ ስታሚናው የወረደውን ቶሎ መቀየር አለብኝ፣ ይሄን ገና በደንብ አልተካንኩበትም፣ የምወደውን ቢስቲ ማስወጣት ሼም ይመስለኛል መሰለኝ 😅

አሰባሰቡ ደግሞ ደስ ይላል። እንደ ፖክሞን አድክሞ ኳስ ወርውሮ መያዝ ምናምን የለም፣ ግጥሚያው መሀል እያንዳንዱ ዝርያ የሚማረክበት የራሱ ነገር አለው፣ እሱን ካደረግክለት ይመጣልሃል። ስለዚህ አንዱን ለማግኘት ብለህ ጨዋታህን መቀየር አለብህ፣ ለማሸነፍ የማይጠቅምህን ነገር ለሱ ብለህ ታደርጋለህ፣ በዛውም ያልለመድከውን አጨዋወት ታውቃለህ። ኧረ ይሄን ያሰበው ሰው ጎበዝ ነው።

ስሜት የሚባል ነገርም አለ፣ ቢስቲዎቹ ይናደዳሉ፣ ይጨነቃሉ፣ ያም ሜዳ ላይ የሚችሉትን ነገር ይቀይርባቸዋል። እሱን ብዙ አልቆፈርኩትም ስለዚህ ልለፈው። አብረው የተሰለፉት ግን በጊዜ ብዛት ዝምድና ይፈጥራሉ፣ ጓደኛ፣ ተፎካካሪ፣ ወላ ፍቅረኛ፣ ከዛ ሁለቱ ብቻ የሚሰሩት የጋራ ምት ይመጣል። ለዚህ ነው በየጨዋታው ቲም መቀያየር ያቆምኩት። ስፕሬኮ የምትባለዋን ቢስቲ (የጌሙ ፖስተር ላይ ያለችውን ማለቴ ነው) ከአንድ አቀባይ ጋር አጣብቄ ይዣታለሁ፣ ከሷ የተሻለ ቁጥር ያለው ቢስቲ ቤንች ላይ ቁጭ ብሏል፣ ይቀመጥ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ግጥሚያ አንዳንዴ ይረዝማል፣ ሁለቱም ጥሩ ተከላካይ ከሆኑ ኳሷ ወዲህ ወዲያ ስትል ትውላለች፣ ቶሎ ተጫውቶ መተኛት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ቀጥሎ ኦንላይን ከሰው ጋር መሞከር ነው ያሰብኩት፣ ኮምፒውተሩ የማድከሟን ዘዴ አያውቃትም፣ ሰው ግን ያውቃታል ብዬ እገምታለሁ። ከናንተ የጀመረ ካለ ሁለት ተከላካይ ብቻ አሰልፎ የሚጫወትን ሰው እንዴት ነው የምትሰብሩት? እኔ እስካሁን በትዕግስት ብቻ ነው፣ ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ።