«እግሬማ ደህና ነው»

ሬዚደንት (ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለ ሐኪም) ሳለሁ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመድቤ የስጋት ስሌት መሙላት የእኔ ድርሻ ሆነ። ዩሮስኮር 2 ይባላል። ዕድሜ፣ ኩላሊት፣ የልብ ጉልበት፣ የሳንባ ደም ሥር ግፊት እያልክ ስትሞላ፣ በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆስፒታል እያለ የመሞት ዕድሉን በመቶኛ ያወጣልሃል። በስልክ 2 ደቂቃ አይፈጅም። ጣጣውም ይኸው ፍጥነቱ ነው።

አንድ ጠዋት የ52 ዓመት እናት በልጃቸው ጀርባ ታዝለው መጡ። የሚትራል ቫልቫቸው (ከልብ በሮች አንዱ) ጠቧል፤ የልጅነት ቶንሲል ያመጣው መዘዝ ነው። እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል። እኔ በር ላይ ቆሜ «የመንቀሳቀስ ችግር» የሚለውን ነካሁ። ክብደት ካርዱ ላይ 63 ይላል፣ 63 አልኩ። ቁጥሩን ይዤ ሲኒየሬ፣ ማለትም የበላይ ሐኪሜ ዘንድ ከች።

ቁጥሩን አላየም። የሞላሁትን ነው ያየው።

«እግራቸው ነው ወይስ ትንፋሻቸው እንቢ ያለው?»

«ማለት?»

«ሂድና ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

ጠየቅኋቸው። «እግሬማ ደህና ነው ልጄ። ሁለት እርምጃ ስሄድ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል እንጂ።»

አፈርኩ። ያ ሳጥን ጡንቻ፣ አጥንት ወይም ነርቭ ለያዘው ሰው ነው። የትንፋሽ ማጠር የራሱ ቦታ አለው፤ እሱንም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሞልቼዋለሁ። አንዱን በሽታ ሁለቴ ቆጥሬ አረፍኩ።

ክብደቱ ደግሞ ባሰ። ውኃ በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ተሰጥቷቸው እብጠቱ ሲወርድ ሚዛኑ 51 አለ። 12 ኪሎ ውኃ! የኩላሊት ስሌቱ ክብደትን ይጠይቃል። ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ያው 1.1 ሆኖ፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም በ63 ኪሎ 59 ገደማ ይመጣል፣ በ51 ግን 48። መስመሩ 50 ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ስጋቱ ይጨምራል። ውኃው ኩላሊታቸውን ጤነኛ አስመስሎት ነበር።

አንዱ ስህተት ቁጥሩን ሰቀለው፣ ሌላው አወረደው። ተቻችለው ቢያልፉ ማንም አይነቃም።

በትክክል ቢሞላም እኮ የሌላ ሰው ልክ ነው። ስሌቱ የተሠራው በ2010 እ.ኤ.አ. በ43 አገሮች ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 22,381 ሰዎች ነው፤ አማካይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ። የእኛን ዋርድ የሚሞላው ግን ቫልቩ የተበላሸበት ወጣት ነው። ሲኒየሬ «በሌላ ሰው ቁመት የተሰፋ ኮት» ይለዋል። ሌላ ስለሌለን እንለብሰዋለን፣ እጅጌውን እያጠፍን።

እናትየው ቫልቫቸው ተቀየረ። ሊወጡ ቀን ኮሪደሩን በእግራቸው መጡ፣ ልጃቸው ፌስታል አንጠልጥሎ ከኋላ። ነርሷ ሚዛን ላይ ውጡ አለቻቸው። ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። እኔ ቁጥሩን ልጽፍ እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ጆሮዬ ግን ትንፋሻቸው ላይ ነበር።