የባሩድ ጥላሸትና የጨርቁ እርጥበት

ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ አይሆንም። ፖታሲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ሰልፌት የበዛበት ጠጣር ሆኖ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ ጥላሸት ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። በአፈሙዙ በሚጎርስ ባለ 0.32 ኢንች (8.1 ሚሊሜትር) ጠመንጃ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አረሩ አልወርድ ይላል። በጉልበት ከተገፋ ደግሞ አረሩን የሚያወርደው ቀጭን ዘንግ ይሰበራል።

መጀመሪያ የቀየርኩት ቅባቱን ነው። የሞተር ዘይት ከጥላሸቱ ጋር ተጋግሮ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት በርሜሉ የተቀባውን ዘይት በአልኮል ጨርቅ ጠርጌ አወጣለሁ። አረሩ የሚጠቀለልበትን 0.38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥብቅ የጥጥ ጨርቅም በውሃ የሚሟሟ የብረት መቁረጫ ዘይት አንድ እጅ፣ ውሃ ሰባት እጅ በጥብጬ እነክረውና ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። አረሩ 0.310 ኢንች፣ ባሩዱ ሦስት ኤፍ (FFFg) የሚባለው ደቃቅ ዓይነት፣ መጠኑ 20 ግሬን (1.3 ግራም) ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከመጥረጊያው ጨርቅ ነው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አንድ እርጥብ፣ ቀጥሎ አንድ ደረቅ አስገባለሁ። እርጥብ ስል ከንፈር ሲነካ የሚቀዘቅዝ፣ ሲጨመቅ ግን ጠብታ የማይወጣው ማለቴ ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃው ወደ ግርጌ ወርዶ የሚቀጥለውን ባሩድ ያረጥባል፤ ጠመንጃው ዘግይቶ ይተኩሳል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። እንዲህ ሲሆን አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ።

ጨርቁን የሚይዘው የዘንጉ የነሐስ ጫፍ የበርሜሉን ስፋት የሞላ ከሆነ ጥላሸቱን እየገፋ ግርጌ ላይ ይቆልለዋል፣ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። እኔ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በጥቂቱ አቀጠንኩት። አሁን ጨርቁ ሲገባ በጥላሸቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲወጣ ተሸብሽቦ ይዞት ይመጣል። ወደ ታች አንድ ጊዜ፣ ወደ ላይ አንድ ጊዜ፤ መመላለስ የለም።

ዘንጉ ላይ ሁለት ጭረት አለ፦ አንዱ ለባዶ በርሜል፣ አንዱ ለጎረሰ። ሁለተኛው ጭረት ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ አረሩ ባሩዱ ላይ አልተቀመጠም። መሃል ላይ ክፍተት ይዞ መተኮስ በርሜሉን ሊያሳብጠው ወይም ሊያፈነዳው ስለሚችል፣ ጭረቱ ልክ እስኪደርስ አልተኩስም።